ከካሜራ እስከ ኮምፒውተር 10 ሜትር፦ የኬብል ማራዘሚያ ጥቆማ ለለገጣፎና ለአያት አካባቢ ፎቶ አንሺዎች

በለገጣፎ፣ በአያትና በካራ በኩል መጋዘን ወይም ሰፊ ሳሎን ተከራይተው ስቱዲዮ የከፈቱ ባልደረቦች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሣሉ። ካሜራውን ከላፕቶፕ ጋር አገናኝተን ስንሠራ ኬብሉ አጠረን፤ በምን እናስረዝመው፣ ከየትስ እንግዛ ይላሉ። እኔ ፎቶ የማነሣው ሶፋ፣ ቁም ሣጥንና የምግብ ጠረጴዛ ነው። ዕቃው ትልቅ ስለሆነ ካሜራው ወደ ኋላ ይርቃል፤ ባለቤቱ ደግሞ እያንዳንዱን ፎቶ ወዲያው በትልቅ ስክሪን ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ ገበያ ላይ ያገኘኋቸውን አማራጮች በየጊዜው ገዝቼ ስለሞከርኋቸው፣ የትኛው ገንዘብ እንደሚያዋጣና የትኛው ሥራ እንደሚያበላሽ በዝርዝር እጽፋለሁ።

ከመግዛት በፊት የካሜራውን ዓይነት ማወቅ ያስፈልጋል። የቆየው የግንኙነት ዓይነት ዩኤስቢ 2.0 በአንድ መደበኛ ኬብል እስከ 5 ሜትር ይሄዳል፤ ዩኤስቢ 3.0 ግን ፍጥነቱ ከፍተኛ በመሆኑ ከ3 ሜትር በላይ ሲረዝም አስተማማኝነቱን ያጣል። ካኖን 6ዲ እና 80ዲ የ2.0 ናቸው፤ ካኖን 5ዲ ማርክ 4 እና ኒኮን ዲ850 ደግሞ የ3.0 ናቸው። ብዙዎቻችን የምንሠራው ባገለገሉ ካሜራዎች ስለሆነ የ2.0 ባለቤት መሆን በዚህ ጉዳይ ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ነው። የ3.0 ካሜራም ቢሆን በ2.0 ኬብል ሲገናኝ ፍጥነቱ ወደ 480 ሜጋቢት በሰከንድ ዝቅ ይላል እንጂ ሥራውን አያቆምም፤ ቆሞ ለሚጠብቅ ቁም ሣጥን ይህ ፍጥነት ከበቂ በላይ ነው።

ርቀቱ ከ5 ሜትር የማይበልጥ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥ የሆነ፣ መሸፈኛው ወፍራም የሆነ አንድ ኬብል ይግዙ። ከአያት በቀላል ባቡር መገናኛ ወርዶ በዙሪያው ባሉት ሕንፃዎች ውስጥ የኮምፒውተር ዕቃ ሱቆችን ማየት ይበቃል። ፒያሳን የለመዱ ሰዎች ግን በ2016 ዓ.ም. ከተካሄደው ፈረሳ ወዲህ ብዙ ሱቆች ቦታ ስለቀየሩ፣ የሚያውቁትን ነጋዴ አስቀድመው በስልክ ቢጠይቁ ከከንቱ መንገድ ይድናሉ።

ሁለት ወይም ሦስት ተራ ኤክስቴንሽኖችን መቀጣጠልን በፍጹም አልመክርም። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ መረጃ የሚያስተላልፈው ምልክት ይደክማል፣ ኬብሉ የሚያደርሰው የ5 ቮልት ኃይልም ይወርዳል፤ ካሜራው ለአሥር ደቂቃ በደንብ ሠርቶ በመሃል ግንኙነቱ ይቋረጣል። ከዚህ የባሰው ኬብል ቆርጦ መበየድ ነው። አንድ ጊዜ መርካቶ ውስጥ አንድ ጠጋኝ ኬብሌን ቆርጦ ሌላ ሽቦ በመሃል በየደልኝ፤ ቀዩን ከቀይ፣ አረንጓዴውን ከአረንጓዴ በትክክል አገናኝቶ ነበር፤ ነገር ግን መረጃ የሚያስተላልፉት ነጭና አረንጓዴ ሽቦዎች እርስ በርስ እንደተጠማዘዙ መቀጠል ሲኖርባቸው ተፈትተው ነበርና ኮምፒውተሩ ካሜራውን ሊያውቀው አልቻለም። ያን ቀን ከሰንዳፋ ድረስ የመጣ ደንበኛ ያለ ሥራ ተመልሷል፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከ5 እስከ 10 ሜትር ለሚሆን ርቀት የምጠቁመው በውስጡ ምልክት ማጠናከሪያ ያለውን ኤክስቴንሽን ነው፤ ሻጮች ሪፒተር ወይም አክቲቭ ይሉታል። ጫፉ ላይ እብጥ ያለ ትንሽ ሳጥን በማየት ይለያል። ተጨማሪ ኃይል የሚቀበል ቀዳዳ ያለውን ይምረጡ፤ በሰፈራችን መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ሲቀጥል ማጠናከሪያውም በፓወር ባንክ መቀጠል ይችላልና።

ከ10 ሜትር በላይ ሲሆን የአካባቢያችን ባለሙያዎች በጣም የሚጠቅሙበት ቦታ ላይ እንደርሳለን። ዩኤስቢን ወደ ኔትወርክ ኬብል የሚቀይሩ ሁለት ሳጥኖች ይገዛሉ፤ አንዱ ከካሜራው፣ ሌላው ከኮምፒውተሩ ጎን ይቀመጣል፤ በመካከላቸው ካት 6 ኬብል ይዘረጋል። ሳጥኖቹ በዩኤስቢ 2.0 ሙሉ ፍጥነት እስከ 50 ሜትር እንደሚሠሩ ማሸጊያቸው ላይ የተጻፈባቸው፣ የራሳቸው የኃይል ምንጭ ያላቸው መሆን አለባቸው። በጣም ርካሽ የሆኑት፣ ምንም ኃይል የማይፈልጉት ትንንሽ መሰኪያዎች ለኪቦርድና ለማውዝ እንጂ ለካሜራ አይሆኑም። ኬብሉም ከሳጥን ወደ ሳጥን በቀጥታ ይሂድ፤ በመሃል የኔትወርክ ስዊች አይግባበት።

ኬብሉን ለመግዛት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በየሰፈሩ የደኅንነት ካሜራ የሚገጥሙ ልጆች ካት 6ን ከ305 ሜትሩ ካርቶን በሜትር ቆርጠው ይሸጣሉ፣ ጫፎቹ ላይ አርጄ 45 የተባለውን የኔትወርክ መሰኪያ አስረውም በቴስተር ይፈትሹታል። አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው ይጠይቁ፤ ሽቦው ንጹሕ መዳብ ይሁን። በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም በብዛት ይሸጣል፤ ከውጭ ሲያዩት አይለይም፣ በምላጭ ሲፋቅ ግን ውስጡ ነጭ ሆኖ ይወጣል። አሉሚኒየም ኃይል ያባክናል፣ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ቶሎ ይሰበራል፤ እኛ ደግሞ ኬብሉን በየቀኑ ጠቅልለን የምንፈታ ሰዎች ነን። ከተቻለ በግድግዳ ውስጥ የሚቀበረውን ደረቁን ሳይሆን በቀጫጭን ሽቦዎች የተሠራውን ለስላሳውን ዓይነት ያስመጡ።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ፣ ለብዙዎቻችሁ ዋናው ጥቆማዬ የካሜራውን ኬብል ጭራሽ አለማስረዘም ነው። ላፕቶፑን ከትራይፖዱ አጠገብ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና በአጭር ኬብል አገናኙት፤ የሚረዝመው ወደ ደንበኛው ስክሪን የሚሄደው የኤችዲኤምአይ ኬብል ይሁን። የ10 ሜትር ኤችዲኤምአይ ቴሌቪዥንና ፕሮጀክተር በሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ ይገኛል፣ ለሙሉ ኤችዲ ምስልም ይበቃል። ቢቋረጥ እንኳ የሚጠፋው ደንበኛው የሚያየው ምስል እንጂ የተነሣው ፎቶ አይደለም። እኔ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ከአሥር ሥራ ስምንቱን በዚህ መንገድ ሠርቻለሁ።

በዋይፋይ ማስተላለፍን ሮው ፋይል፣ ማለትም ያልተጨመቀውንና ከባዱን የካሜራ ፋይል፣ ለሚጠቀም ሰው አልጠቁምም፤ ቀላል ለሆነው ለጄፔግ ቅድመ ዕይታ ግን ያገለግላል።

የትኛውንም ቢመርጡ ካሜራዎንና ላፕቶፕዎን ይዘው ሱቅ ይሂዱና ከመክፈልዎ በፊት 50 ፎቶ በተከታታይ ያንሡ፤ ይህን የሚከለክል ነጋዴ ዕቃውን አያምነውም ማለት ነው። ካሜራውን ከኮምፒውተር ጋር በሚያገናኘው የካኖን ፕሮግራም፣ በኢኦኤስ ዩቲሊቲ ላይ ፎቶው በካርዱም በኮምፒውተሩም እንዲቀመጥ ያድርጉ፣ ካሜራው በራሱ እንዳይጠፋም ያስተካክሉ። የካሜራው የዩኤስቢ ቀዳዳ ከተሰበረ ጥገናው ከማንኛውም ኬብል ስለሚወደድ፣ ኬብሉን ከትራይፖዱ እግር ጋር በቬልክሮ አስረው ትንሽ ልል ይተዉለት፤ ወለሉ ላይ የተዘረጋውንም ሶፋ ተሸክመው የሚያልፉት ሠራተኞች እንዲያዩት በቢጫ ፕላስተር ይለጥፉት።