«ቅጥያው ከሦስት ፊደል አይብለጥ»፦ ነጥቡስ ይቆጠራል?

የፒያሳዋ ጸሐፊ (ደሴ)፦ በምሠራበት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት፣ ከአሮጌው ማሽን በላይ «የፋይል ስም ከስምንት፣ ቅጥያው ከሦስት ፊደል አይብለጥ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ዛሬ አንድ ደንበኛ፣ በስሙና በቅጥያው (የፋይሉን ዓይነት በሚያሳየው መጨረሻ) መካከል ስላለው ነጥብ «ነጥቡም ይቆጠራል?» ብለው ቢጠይቁኝ መልስ አጣሁ። ከተቆጠረ ለፊደል የሚተርፈው ሁለት ብቻ ነውና፣ «ቅጥያ» ስንል ከነነጥቡ ነው ወይስ ያለ ነጥቡ?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦ ከነነጥቡ ነው። «ቅጥያ» ከግእዙ «ቀጸለ» የወጣ፣ የ«ቅጽል»ም የ«ቅጠል»ም ወንድም ነው፤ ቅጠል ደግሞ ሲቀነጠስ ከነአንጓው ነው የሚመጣ።

ሐይቅ ዳር (ደሴ)፦ ወንድሜ ቦርከና፣ ቅጠል በግእዝ «ቈጽል» እንደ ሆነ የቅኔ ቤት ጀማሪ ያውቀዋል። ሩቅ ሳንሄድ፣ «ከፈለ» ብሎ «ክፍያ» እንዲል «ቀጠለ» ብሎ «ቅጥያ» ነው፤ «ለ» ወደ «የ» መለወጡ በ«ከፋይ»ና በ«ቀጣይ»ም ይታያል። ነጥቡማ፣ በጽሕፈታችን ሁለት ነጥብ ቃልን ከቃል እንደሚለይ፣ ለያይ እንጂ የአንዱም ወገን አይደለም።

የዶስ ዘመን ሰው (ኮምቦልቻ)፦ ማሽኑም የሚመሰክረው ለሐይቅ ዳር ነው። ከዊንዶውስ 95 በፊት የተለመደው የኮምፒውተር ሥርዓት ኤምኤስ ዶስ በዲስክ ላይ ለስያሜ የሚመድበው 11 ባይት (ለአንድ ፊደል አንድ ቦታ) ነው፤ 8ቱ የስሙ፣ 3ቱ የቅጥያው ሲሆኑ፣ ነጥቡ ከነአካቴው አይመዘገብም፤ ስሙ በሚታይበት ጊዜ ብቻ በመካከል ይገባል። «ኤችቲኤምኤል» የነበረው «ኤችቲኤም»፣ «ጄፒኢጂ»ም «ጄፒጂ» ሆኖ የተለመደው በዚሁ ጥበት ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 እስከ 255 ፊደል ቢፈቅድም፣ ለቀደሙት ፕሮግራሞች ሲል አጭሩን ስም ጎን ለጎን ይይዝ ነበር።

ቦርከና፦ አልተመዘገበም ማለት የለም ማለት አይደለም። ማጥበቅም በፊደላችን አይጻፍም፤ ሆኖም «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አለመድረሱን፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉን የምንለየው በእርሱ ነው።

ሐይቅ ዳር፦ ማጥበቅ በፊደሉ ላይ የሚያድር ነው፤ ነጥብ ግን በሁለት ማሳዎች መካከል የሚቆም የድንበር ድንጋይ ነው።

የፒያሳዋ ጸሐፊ፦ ደንበኛው አሁንም ቆመው ይጠብቃሉ። የያዙት ሰነድ «ዶክኤክስ» የሚል ባለ አራት ፊደል ቅጥያ ስላለው፣ የመሥሪያ ቤታቸው አሮጌ ዎርድ አልከፍት ብሏቸዋል፤ ስሙን ብቻ ወደ «ዶክ» ብለውጠው ይከፈታል?

ሐይቅ ዳር፦ እኅቴ፣ በመጀመሪያ «ዶክኤክስ» ባለ አራት ሳይሆን ባለ አምስት ፊደል ነው፤ «ዶክ» ደግሞ ሁለት ብቻ ነው።

ቦርከና፦ ከነነጥቡ ሦስት ይሞላል፤ እንግዲህ ነጥቡ መቆጠሩን ሐይቅ ዳር ራሱ መሰከረ።