ጌታ ለምን በምሳሌ አስተማረ? የአንድ ልጅ ጥያቄ አፋጠጠኝ

ጠያቂ፦ የደብረ ብርሃኗ

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፣ እሁድ እሁድ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት የዘሪውን ምሳሌ (ዘሩ መንገድ ላይ፣ ጭንጫ ላይ፣ እሾህ ውስጥና መልካም መሬት ላይ የወደቀበትን) ስነግራቸው አንድ የአሥር ዓመት ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ጌታ ለምን በቀጥታ አይነግራቸውም ነበር?» አለኝ። እኔም ሁሌ የሚባለውን አልኩት። «ሰዎቹ ገበሬዎች ስለነበሩ በሚያውቁት ነገር እንዲገባቸው ብሎ ነው።» ልጁ ዝም አለ። ግን ፊቱን ሳየው አላመነኝም።

ቤት ገብቼ ማቴዎስ 13ን ደግሜ አነበብኩ። ደቀ መዛሙርቱም ያንኑ ነገር ጠይቀውታል ለካ! «ስለ ምን በምሳሌ ትነግራቸዋለህ?» ይሉታል። መልሱ ደግሞ እኔ ለልጁ የነገርኩት ተቃራኒ ነው የሚመስለው። ለእናንተ ምሥጢሩን ማወቅ ተሰጥቷችኋል፣ ለእነሱ ግን አልተሰጣቸውም ነው ያለው። ማርቆስ 4 ላይማ ጭራሽ «እንዳይመለሱ» የሚል አለበት። ታዲያ ምሳሌ ለማስረዳት ነው ወይስ ለመደበቅ? እሁድ ደርሷል፣ ልጁም አይረሳም።

የመንዝ ልጅ

መልስሽ ግማሹ ልክ ነው እህቴ፣ አትደንግጪ። እኔ ገብስ ሲዘራ እያየሁ ያደግኩ ነኝ። ከተማ ያደገ ሰው ያንን ዘሪ ዝርክርክ አድርጎ ነው የሚያየው፤ ምን አስቦ መንገድ ላይ ይዘራል ይላል። አባቴ ግን ከስልቻው እየዘገነ ሲበትን እግረኛ ያበጀው ቀጭን መንገድ ላይም ይወድቃል፣ ካቡ ሥር ያለው እሾህ ውስጥም ይወድቃል፣ ዘሩን በማረሻ የሚመልሰው ከበተነ በኋላ ነው። ጭንጫ ደግሞ እኛ አገር ሞልቷል። ጭንጫ ላይ የወደቀው ገብስ ቀድሞ ብቅ ይላል፣ ያምራልም። ከዚያ ሁለት ሳምንት ዝናብ ሲጠፋ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። እዚያው ማቴዎስ 13 ላይ በስንዴው መካከል የበቀለው እንክርዳድም እንደዚያው ነው፣ ስንዴው እስኪያዘረዝር ድረስ ለይተሽ አታውቂውም። ከዱቄት ጋር ከተፈጨ ራስ እንደሚያዞር ደግሞ የበላ ያውቀዋል። ስለዚህ ሰሚዎቹ ታሪኩ ገብቷቸዋል።

ግን አስተውይ፣ ብዙዎቹ ምሳሌዎች ውስጥ አንድ የማይሆን ነገር አለ። መቶ ያፈራ ይላል። እኔ ከአንድ ቁና መቶ ቁና ገብስ ሲገባ አይቼ አላውቅም፣ አባቴም አላየም። ሉቃስ 15 ላይ ደግሞ እረኛው ዘጠና ዘጠኙን በምድረ በዳ ትቶ አንዷን ፍለጋ ይሄዳል። በኛ ሜዳ እንደዚያ ያደረገ እረኛ ማታ አባቱ ምን እንደሚያደርገው እኔ ነኝ የማውቀው 😀 ቀበሮና ጅብ ባለበት! እና ገበሬ የሆነ ሰሚ እዚያ ጋ ሲደርስ «ቆይ፣ ምን ዓይነት እረኛ ነው ይሄ?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው እንዲነሳ የተፈለገው እዚያ ጋ ይመስለኛል።

የቀድሞ የቆሎ ተማሪ

አንድ ነገር ልጨምር። «ምሳሌ» የሚለው ቃላችን ሰፊ ነው። መጽሐፈ ምሳሌም ምሳሌ ነው፣ የዘሪውም ታሪክ ምሳሌ ነው፣ ተረትና ምሳሌ የምንለውም አለ። በዕብራይስጡም «ማሻል» የሚሉት ከግዕዙ «መሰለ» ጋር ዘመድ ነው፣ እሱም አባባልንም እንቆቅልሽንም ታሪክንም ይሸፍናል። ማስረዳትና መሰወር ከድሮም በአንድ ቃል አብረው የኖሩ ናቸው።

ሰው ቶሎ ብሎ «ሰምና ወርቅ ነው» ይላል። እኔ አይመስለኝም። ቅኔ ቤት ወርቁ ካመለጠህ አመለጠህ፣ ባለቅኔው ቁጭ ብሎ አያስረዳህም፣ እንዲያውም ይስቅብሃል (እኔ ላይ ስንት ጊዜ ተስቋል)። ጌታ ግን የጠየቀውን ሁሉ አስረድቷል። እዚያው ምዕራፍ 13 ላይ ሕዝቡ ከተሰናበተ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ ቤት ድረስ ገብተው የእንክርዳዱን ምሳሌ ተርጉምልን አሉት፣ ተረጎመላቸው። ማርቆስም ለብቻቸው ሁሉን ይፈታላቸው ነበር ይላል። በመጀመሪያ ሲሰሙ እነሱም አልገባቸውም እኮ! ከሕዝቡ የሚለዩት ቀርተው በመጠየቃቸው ነው።

ማቴዎስና ማርቆስን ደግሞ ጎን ለጎን አድርጊና አንብቢ። ማቴዎስ «እያዩ ስለማያዩ» ይላል፣ ማርቆስ ደግሞ «እንዳይመለሱ» ይላል። ሁለቱም ኢሳይያስ 6ን ነው የያዙት፣ ማቴዎስ ደግሞ ጥቅሱን ሲቀጥል «ዓይናቸውንም ጨፍነዋል» ይላል። ጨፋኞቹ ራሳቸው ናቸው።

ነገር አጥባቂ

ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ማለሳለስ ነው። ማርቆስ «እንዳይመለሱ» ካለ እንዳይመለሱ ነው። «ያልጠየቁት ጥፋታቸው ነው» ማለት ለኛ ቀላል ነው፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ቤት ድረስ ተከትሎ ሊገባ አይችልም። አንዱ በሬውን ትቶ የመጣ ነው፣ አንዷ ልጅ አዝላለች። እነሱ ምን ያድርጉ?

ሽማግሌው ከደብረ ሲና

ልጆች፣ ንባቤ ብዙ አይደለም፣ ነገር ግን ሽምግልና ተቀምጬ አርጅቻለሁና የማውቀውን ልናገር።

ሁለት የተጣሉ ሰዎች ዘንድ ስንሄድ «አንተ አጥፍተሃል» ብለን አንጀምርም። እንደዚያ ካልን ሰውየው ጋቢውን ሰብስቦ ይነሳል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ስለ ሌላ ሰው እናወራለን። እገሌ የሚባል ሰው ነበረ፣ ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ተጣላ ምናምን እያልን። ሰውየው ሰምቶ «ያማ በደል ነው!» ሲል ያን ጊዜ ዝም እንላለን። ዝም ማለቱ ነው ከባዱ።

ነቢዩ ናታን ዳዊት ፊት ሲቆም ያደረገው ይኸንኑ ነው። ዳዊት ኦርዮንን አስገድሎ ሚስቱን ወስዷል። ንጉሥ ነው፣ ፈራጅም እሱ ነው፣ ማን ይከሰዋል? ናታን ስለ አንድ ድሀና ስለ አንዲት በግ ነገረው። አብራው የምትበላ፣ ከዋንጫው የምትጠጣ፣ በብብቱ የምትተኛ በግ። ባለጸጋው የራሱን መንጋ ሳስቶ እሷን አርዶ ለእንግዳው አቀረበ። በግ ያረባ ሰው ይህን ሲሰማ ሆዱ ይላወሳል፣ ዳዊትም እረኛ ነበረ። ተቆጣና «የሞት ልጅ ነው» ብሎ ፈረደ። «ያ ሰው አንተ ነህ» የመጣው ከፍርዱ በኋላ ነው። ናታን ፍርድ አልሰጠም፣ ዳዊት በገዛ አፉ ፈረደ።

አሁን ላንተ፣ ነገር አጥባቂ ነኝ ላልከው ልጄ። ሉቃስ 20ን ተመልከት። ጌታ የክፉዎቹን የወይን ገበሬዎች ምሳሌ ሲናገር የካህናት አለቆችና ጻፎች ስለ እነሱ እንደተናገረ አወቁ ይላል። ገባቸው እኮ! ገብቷቸው ነው ሊይዙት የፈለጉት። ባለበሬውና ልጅ ያዘለችውማ ባይገባቸውም ታሪኩን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ፣ ታሪክ በመንገድ አይጠፋም። የቀጥታ ንግግር ግን እኔ ራሴ የዛሬ ወር የሰማሁት ስብከት ጠፍቶኛል።

ነገር አጥባቂ

አባባ፣ የሉቃስ 20ው አልታየኝም ነበር፣ ተቀብያለሁ። የማርቆሱ «እንዳይመለሱ» ግን አሁንም አልተዋጠልኝም። ይቆይልኝ።

የቀድሞ የቆሎ ተማሪ

ይቆይ። መጽሐፍ የሚተረጉሙት የአንድምታ መምህራንም ለአንዱ ቃል ሌላ ትርጉም ሲጨምሩ «አንድም» እያሉ ነው የሚቀጥሉት 😀

የደብረ ብርሃኗ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ አባባ እርስዎንም እድሜ ይስጥልኝ። ትናንት አስተምሬ መጣሁ። መጀመሪያ ልጁን «ባለፈው የነገርኩህ ግማሹን ብቻ ነው» አልኩት፣ ደስ አለው። ከዚያ ስለ ምሳሌ ማብራራቴን ተውኩና የጠፋውን ልጅ ታሪክ ነገርኳቸው። ትንሹ ልጅ ተመለሰ፣ ሰባው ፍሪዳ ታረደ፣ ታላቅየው ተቆጥቶ አልገባም አለ፣ አባትየው ወጥቶ ለመነው። እዚያ ጋ አቆምኩ፤ ሉቃስም የሚያቆመው እዚያው ነው።

ሌሎቹ ጫማቸውን አድርገው ወጡ። እሱ ግን በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝና «ቲቸር፣ ታላቅየው በኋላ ገባ?» አለኝ።

ምን ልበለው?