ለአክስቴ የሚሆን ቀላል ስልክ፦ ከዚህ ልላክ ወይስ እዚያው ይገዛ?

የአራት ኪሎ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ላማክራችሁ። ያሳደገችኝ አክስቴ አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። ሰማንያን ተሻግራለች። ነገር አይረሳትም። ጆሮዋ ግን ደክሟል፣ ጣቷም እንደ ድሮው አይታዘዝላትም። ካቻምና ደህና ተች ስልክ ልኬላት ነበር። ሲጠራ አረንጓዴውን ወደ ላይ መጎተት አልሆነላትም። ትጫነዋለች፣ መጥራቱን ይቀጥላል። ደግማ ትጫነዋለች፣ ይዘጋባታል። አሁን ቀፎው የሠራተኛዋ ቲክቶክ ማያ ሆኗል።

በፊት ወዳጆቿ ከዶሮ ማነቂያ እየመጡ አብረው ቡና ይጠጡ ነበር። ስደውል አንዷ አንስታ ጆሮዋ ላይ ታደርግላታለች። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ሰዎቹ በየከተማው ዳር ተበተኑ። አሁን እነሱንም የምታገኛቸው በስልክ ብቻ ነው።

የአጎቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር አዲስ አበባ ይገባል። ሻንጣው ውስጥ ቦታ አለ። ቁጥሩ ትልልቅ፣ ድምፁ የሚጮህ፣ ቻርጅ የሚቆይለት ባለ በተን ቀፎ እዚህ ገዝቼ ላሲዘው ወይስ እዚያው ይገዛላት? ሠራተኛዋም እንዳትወስድባት እፈልጋለሁ (ይሄኛው በራሱ ጊዜ የሚፈታ ይመስለኛል፣ በተን ስልክ ማን ይፈልጋል)።

ባለ ኔትወርኩ (ቶሮንቶ)
ከአሜሪካ እንዳትልክ። ምክንያቱን ላስረዳህ፣ ሥራዬም ስለሆነ።

የአሜሪካ ትልልቆቹ የስልክ ኩባንያዎች 3ጂን እ.ኤ.አ. በ2022 ዘግተዋል። ስለዚህ ዛሬ መደርደሪያ ላይ የምታየው ታጣፊ ስልክ ለእዚያ አገር 4ጂ የተሠራ ነው። 2ጂ (የድሮው የጥሪ ኔትወርክ) ቢኖረው እንኳ የአሜሪካው ሞገድ 850 እና 1900 ሜጋኸርዝ ነው። የእኛ 900 እና 1800 ነው። የእኛን ካልያዘ አክስትህ እጅ ላይ ሰዓት ብቻ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ርካሾቹ በሸጣቸው ኩባንያ የተቆለፉ ናቸው። የኢትዮ ቴሌኮም ወይም የሳፋሪኮም ሲም ብትከትበት አይቀበልም። «ይከፈታል» የሚሉህን አትስማ። የሚከፈተው ለተወሰነ ጊዜ እዚያው አሜሪካ ከተጠቀምክበት በኋላ ነው።

ሦስተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ቀፎ መመዝገብ ሲጀመር ከውጭ የገቡ ያልተመዘገቡ ስልኮች እንደተዘጉ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የትም ይገዛ የት፣ *#06# ደውላችሁ የሚመጣውን ባለ 15 አሃዝ የቀፎ መለያ ቁጥር ጽፋችሁ አስቀምጡ። ቀፎ ሲጠፋም ያስፈልጋል።

ባለ ሱቁ (ፒያሳ)
ወንድሜ ቶሮንቶ ያልከው ልክ ነው፣ ግን ነገሩን አረዘምከው። እዚሁ ይገዛ፣ አለቀ።

እኔ በየቀኑ ለእናቶች የምሸጠው ኖኪያ 105፣ አይቴል ወይም የቴክኖ ባለ በተን ነው። ሁለት ሲም ይይዛሉ። ባትሪው ተነቃይ ስለሆነ ሲደክም ባትሪው ብቻ ይቀየራል። መብራት ቢጠፋ እንኳ ቻርጁ ቀናት ይቆያል፣ እላዩ ላይ ያለው የእጅ ባትሪ ደግሞ ለደረጃው ይሆናቸዋል። አይቴልና ቴክኖ አማርኛ ሜኑ ያላቸው ሞዴሎች አሏቸው። ዋጋ እዚህ አልጽፍም፣ ነገ ተቀይሮ ትሰድቡኛላችሁ።

መጠንቀቅ ያለባችሁ አስመስሎ የተሠራ ኖኪያ እንዳትገዙ ነው። *#06# ሲደወል የሚመጣው ቁጥር፣ ካርቶኑ ላይ ያለውና ባትሪው ስር የተለጠፈው አንድ መሆን አለባቸው። ካልገጠሙ ጥላችሁ ውጡ።

ሌላው ቀፎውን እንዳለ አትስጧቸው፣ አስተካክላችሁ ስጡ። 2 ቁጥርን ተጭኖ መቆየት ለትልቁ ልጅ፣ 3 ለሴቷ ልጅ፣ 4 ለእህት እንዲደውል ማድረግ ይቻላል። 1ን ተዉት፣ እሱ ለድምፅ መልእክት የተያዘ ነው። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች በተኗ ላይ የጥፍር ቀለም ጠብ አድርገን እንሰጣለን። ቀዩ ልጅሽ፣ ሮዙ እህትሽ። በአንድ ቀን ይለምዱታል።

የአራት ኪሎ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
የጥፍር ቀለሟን ወደድኳት። አክስቴ ግን ታነባለች፣ መነፅሯን ካገኘች። ከሦስቱ ድምፁ የበለጠ የሚጮኸው የትኛው ነው? ዋናው ጥያቄዬ እሱ ነው። ሬዲዮም ትወዳለች፣ ሸገር 102.1 ከጠዋት እስከ ማታ ነው።

የፍራንክፈርቷ
ይቅርታ፣ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በተን ስልክ ገዛህላት ማለት ፊቷን ዳግም አታይም ማለት ነው። እኔ እናቴን በቪዲዮ ነው የማገኛት። እሁድ እሁድ ሠራተኛዋ ስልኩን መደርደሪያ ላይ ታቆምልናለች፣ እማዬ ቡናዋን ትቆላለች፣ እኔም እዚህ ኩሽና ውስጥ ጀበናዬን ጥጄ ቁጭ እላለሁ። ብዙም አናወራም። ጭሱ ካሜራውን ሲሸፍነው «የት ሄድሽ?» ትለኛለች። እኔ እኮ የትም አልሄድኩም! እሱ ሰዓት ባይኖር ይሄን አገር ክረምቱን አልወጣውም ነበር። እዚህ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል በኋላ ጨለማ ነው፣ ጎረቤት ሰላም አይልም።

ደግሞ ወጪውስ? ከዚህ ቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ ቁጥር መደወል በደቂቃ ነው የሚቆጥረው። በኢሞና በዋትሳፕ ግን ነፃ ነው። በተን ሆኖ ዋትሳፕ ያለው የለም እንዴ?

ባለ ሱቁ (ፒያሳ)
ነበረ። ካይኦኤስ የሚባለው ዓይነት ላይ ይሠራ ነበር። ዋትሳፕ ግን እነሱን መደገፍ ስላቆመ አሁን «ዋትሳፕ አለው» ብሎ በተን ስልክ የሚሸጥላችሁን አትመኑ።

ዱባይ ነኝ
እህቴ ፍራንክፈርት፣ አትቀየሚኝ። ፊት ማየት የፈለግሽው አንቺ ነሽ። እሳቸው የጠየቁት ነገር አለ? የሰውየው አክስት የምትፈልገው የተበተኑ ወዳጆቿን ማግኘት ነው። እነሱም በተን ስልክ ነው የያዙት። አንቺ የደቂቃ ሒሳብ እንዳይመጣብሽ ብለሽ እናቶችን ተች ስልክ ላይ አታሰቃዪ።

እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ዋይፋዩ የማዳም ነው፣ ሲፈልጉ ያጠፉታል። ስለዚህ እማዬ ጋ በቀጥታ እደውላለሁ። የእሷን የአየር ሰዓት ከዚሁ እሞላላታለሁ። ሚስኮል ታደርግልኛለች፣ መልሼ እደውላለሁ። ይኸው ነው፣ ደህና እየኖርን ነው።

የፍራንክፈርቷ
አልተቀየምኩም። ግን «የደቂቃ ሒሳብ» ያልሽው ከብዶኛል። የእናቴን መድኃኒት ሙሉውን የምችለው እኔ ነኝ።

ለማንኛውም የሚጠቅም ነገር ልናገር። በተንም ሆነ ተች፣ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር አድርጉላቸው። እናቴ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ 8፡00 ሲላት «ተበላሽቷል» ብላ ትደነግጥ ነበር። በተን ስልክ ላይ ሰዓቱን ከኔትወርክ መውሰዱን አጥፍቶ በእጅ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መመለስ ነው። ተች ስልክ ላይ እንዲህ ካደረጋችሁ ግን ዋትሳፕ የስልክሽ ቀን ልክ አይደለም ብሎ አሻፈረኝ ይላል። እዚያ የሚቀየረው የሰዓት ቀጠናው ነው። ቦነስ አይረስ ላይ ብታደርጉት ልክ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይላል፣ ዋትሳፑም አይከፋውም። እናቴ አርጀንቲና ትኑር አትኑር ለማን ይነገራል።

ባለ ሱቁ (ፒያሳ)
ሃሃ፣ ቦነስ አይረሷን ነገ ሱቅ ውስጥ እሞክራታለሁ።

የአራት ኪሎው፣ ሬዲዮ ሁሉም አላቸው። አንዳንዱ ግን የማዳመጫውን ገመድ ካልሰካህ ጣቢያ አይስብም፣ ሲገዛ «ያለ ገመድ ይሠራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። አንድ ያልጠየቅከው ነገር አለ። ሲሙ በማን ስም ነው?

የአራት ኪሎ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ጠይቄ መጣሁ። በድሮ ሠራተኛዋ ስም ነው! ልጅቷ አገሯ ከገባች ቆይታለች። ቁጥሩን ግን ሰው ሁሉ የሚያውቀው እሱን ነው። ምን ችግር አለው?

ባለ ኔትወርኩ (ቶሮንቶ)
ቀፎውን እርሳውና መጀመሪያ ይህን አስተካክል። ቁጥሩ በሕግ የልጅቷ ነው። ሲሙ ቢጠፋ ምትክ የሚሰጠው መታወቂያ ይዛ ለቀረበችው ለእሷ ነው እንጂ ለአክስትህ አይደለም። ቁጥሩ ላይ ቴሌብር ከተከፈተም ጣጣው ይብሳል።

ደግሞ አሁን ሁሉም ነገር ወደ ፋይዳ (ብሔራዊ መታወቂያው) እየሄደ ነው። ባንክ ይጠይቃል፣ ሲም ለማውጣትም ይጠየቃል። ለፋይዳ ማረጋገጫ የሚላከው ኮድ በተመዘገበው ስልክ ላይ ነው የሚመጣው። ያ ስልክ የአክስትህ፣ በስሟ፣ እጇ ላይ ያለ ይሁን። ቴሌ ቅርንጫፍ ውስጥ ፋይዳም ይመዘግባሉ፣ ወረፋውን ጠዋት መያዝ ነው። አዲስ ሲም በስሟ ይውጣላት። ሁለት ሲም የሚይዝ ቀፎ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አሮጌው ለሚደውልላት ሰው ይቀመጥ፣ ገንዘብና ፋይዳ ግን በአዲሱ ብቻ።

ዱባይ ነኝ
ቴሌብር በበተን ስልክም ይሠራል፣ *127# ነው። ግን የሚስጥር ቁጥሩን ለአንድ የታመነ ሰው ብቻ። «ከባንክ ነው፣ አሸንፈዋል፣ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩን» እያሉ የሚደውሉ ሞልተዋል። እማዬን አንዱ «ልጅዎ ታስራለች» ብሎ ሊበላት ነበር፣ ጎረቤት ደረሰላት። አሁን ያስጠናኋት አንድ ነገር ነው። ድምፁን የማታውቂው ሰው ስለ ብር ካወራ ዝጊው። ስልክ ላይ ማፈር የለም።

የአራት ኪሎ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
እግዜር ይስጥልኝ። ቀፎው እዚያው ይገዛል፣ ሲሙም በስሟ ይወጣል። ብሩን ለአጎቴ ልጅ በእጁ ልስጠው ወይስ ቀድሜ ልላክ? እግረ መንገዱን የቤት ወጪም አለ።

ዱባይ ነኝ
በሰው ላክ፣ የተሻለ ያገኛል።

ባለ ኔትወርኩ (ቶሮንቶ)
በባንክ ላክ! «በሰው» ማለት በጥቁር ገበያ ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ያኔ የባንኩና የጥቁር ገበያው ልዩነት ጠቧል ተብሎ ነበር። ዛሬም ዶላሩን ከአገር ውጭ የምናስቀረው እኛው ነን። ከዚያ መድኃኒት ጠፋ ብለን እናለቅሳለን።

ዱባይ ነኝ
ወንድሜ፣ አንተ ቶሮንቶ ሞቆህ ተቀምጠህ ነው አገር የምታስተምረኝ። እኔ ደሞዜ ስንት እንደሆነ ታውቃለህ? በዶላር ላይ የምትገኘው ትንሽ ብር የእማዬ ዘይት ናት። አንድ ባንክ ውስጥ ደግሞ እማዬን «ሲስተም የለም» እያሉ ሲያመላልሷት ሰነበቱ። በእግሯ ነው የምትሄደው።

የፍራንክፈርቷ
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ልበል? አልልም። ዱባይ ያለችውን መፍረድ ይከብደኛል፣ እኔ ግን በባንክ ነው የምልከው። እንቅልፌን እፈልገዋለሁ።

ባለ ኔትወርኩ (ቶሮንቶ)
መፍረድ አይደለም፣ ሒሳብ ነው። የባንኩን ዋጋ ቼክ አድርጋችሁ ታውቃላችሁ? ነገ ቁጥሩን በሰንጠረዥ አድርጌ አመጣለሁ።

የአራት ኪሎ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ወገኖቼ፣ የድምፁ ነገርስ? የትኛው ይጮኻል?

ባለ ሱቁ (ፒያሳ)
እሱን በጽሑፍ አልነግርህም፣ ጆሮ ይለያያል። ለአንዷ የሚጮኸው ለሌላዋ ይሰነጠቃል። የአጎትህ ልጅ ሲመጣ አክስትህን ይዟቸው ይምጣ፣ ከአራት ኪሎ ቅርብ ነው። ሦስቱንም ጆሯቸው ላይ አድርገን እናስደውላለን። ደረጃ መውረድ የሚከብዳቸው ከሆነ እኔ ሦስቱን ይዤ እመጣለሁ፣ ከቅዳሜ ውጭ።

ዱባይ ነኝ
ሰንጠረዡን አምጣው። የእኔንም ደሞዝ አንዱ ረድፍ ላይ ጻፍበት።