እምብርትም ኦፕራሲዮን ይደረጋል እንዴ? (ክርክር)

ነገረኛው፦ አፍንጫ አለቀ፣ ከንፈር አለቀ፣ አሁን ደግሞ ተራው የእምብርት ሆነ። አንድ ሐኪም ወደ ውጭ የወጣ እምብርት እንዴት ወደ ውስጥ እንደሚያስገባ "በፊት" እና "በኋላ" እያለ ፎቶ ለጥፏል። ከስሩ አንዷ "እምብርት ስራ የሌለው ጠባሳ ነው፣ ባስተካክለው ማን ይጎዳል?" ብላ ጽፋ ላይክ ይዘንብላታል። ወገን፣ ልብስ የሚሸፍነውን ነገር ለማን ለማሳየት ነው በቢላ የሚቆረጠው?

የመንትዮች እናት፦ ያቺ "አንዷ" እኔ ነኝ። ከጠቀስክ ሙሉውን ጥቀስ። መንታ ከወለድኩ በኋላ የሆዴ ቆዳ ተልፈስፍሶ እምብርቴ ላይ ተደርቦበታል፣ ልብስ በቀየርኩ ቁጥር አየዋለሁ ብዬም ጽፌ ነበር። እሱን ዘለልከው። ለማን ላሳይ? ለራሴ! እኔ ሰው አይደለሁም?

ነገረኛው፦ እህቴ፣ እኔን የገረመኝ "ስራ የሌለው" ያልሽው ነው። ስራ የሌለው ሁሉ ይቆረጥ ከተባለ ቅንድብስ ምን ይሰራል?

ጭሱ፦ ቅንድብማ ላብ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ያግዳል። ምሳሌ ስትመርጥ ረጋ በል ነገረኛው 😂

ነገረኛው፦ እሺ የወንድ የጡት ጫፍ። መልስ አለህ?

ሐኪም ሊሆን ነው፦ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። እምብርት ከተወለድን በኋላ ለሰውነታችን ስራ የለውም፣ ልክ ነው። ለቀዶ ሐኪም ግን በር ነው። የሐሞት ከረጢት በላፓራስኮፒ (ሆድ በሰፊው ሳይከፈት በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ እየታየ በሚሰራ ኦፕራሲዮን) ሲወጣ ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ በእምብርት በኩል ነው የሚገባው፣ ጠባሳው እዚያው እጥፋቱ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል።

የመንትዮች እናት፦ እና ለካሜራ መግቢያ ብዬ ላቆየው? ደግሞ ማን ይነቀል አለ? ቅርፁ ይስተካከል ነው ያልኩት።

ሲስተር፦ ስትጨቃጨቁ ዋናውን ነገር ረሳችሁት። እምብርት ብቻውን ሲሰራ ቀላል ነው፣ ብዙ ጊዜ ቦታውን ብቻ አደንዝዘው ትርፉን ቆዳ ቆርጠው ወደ ውስጥ ስበው ይሰፉታል፣ ሰውየው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ግን ከእርግዝና በኋላ የሆድ ጡንቻ ግራና ቀኝ ከተራራቀ እምብርቱን ብቻ መነካካት ዋጋ የለውም። ያኔ የሆድ ቆዳ ማሳጠር ውስጥ ይገባል። እዚያ ላይ ደግሞ እምብርቱ ከስሩ ሳይነቀል ባለበት ይቀመጣል፣ ከላይ ያለው ቆዳ ወደ ታች ተስቦ ይቆረጥና ለእምብርቱ ሌላ ቀዳዳ ይከፈትለታል። ያ ቀዳዳ ቦታው ከተዛባ ወይም ጠባሳው እየጠበበ ከሄደ ሁሌ ያስታውቃል። እንደገና ልትወልጂ ካሰብሽ ደግሞ ቆዪ፣ እርግዝናው መልሶ ይለጥጠዋል።

ነገረኛው፦ አያችሁ! ባለሙያዋ ራሷ ተዉ እያለች ነው።

ሲስተር፦ የት ነው ተዉ ያልኩት? አንብብ እንጂ። ልትወልድ ካሰበች ትቆይ ነው ያልኩት። ኢንፌክሽን አለ፣ የቆዳው ደም ዝውውር ተቋርጦ ሊሞት ይችላል፣ ቆዳዋ ለኬሎይድ (ከቁስሉ ልክ አልፎ ለሚያድግ ጠባሳ) የሚመች ከሆነ ደግሞ ጠባሳው ከድሮው እምብርት ብሶ ሊያብጥ ይችላል። ይህን አውቃ ከወሰነች ግን አንተ ምን አገባህ?

የሰንበት ልጅ፦ ፈጣሪ አሳምሮ የሰራውን ማስተካከል ድፍረት ነው። አለቀ።

ጭሱ፦ እምብርቱን የሰራችው አዋላጇ አይደለችም እንዴ? የእኔን እትብት አርዝማ ቆርጣው ነው እምብርቴ ወደ ውጭ የወጣው ሲባል ነው ያደግኩት።

ሐኪም ሊሆን ነው፦ አዋላጇን ተዋት፣ ምስኪን። ከቆረጠችበት በላይ የሚቀረው ደርቆ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይወድቃል። ቅርፁን የሚወስነው ከዚያ በኋላ ቆዳው የሚድንበት መንገድ ነው፣ ወይም ከስር ቀዳዳው ሳይዘጋ ቀርቶ አንጀት ወይ ስብ ሲገፋው ነው፣ እሱ ሄርኒያ ይባላል። ሕፃን ላይ አብዛኛው እስከ 4 እና 5 ዓመቱ በራሱ ይዘጋል። አዋቂ ላይ አይዘጋም።

ጭሱ፦ ቆይ የሰንበት ልጅ፣ አዳም እምብርት ነበረው? ከእናት አልተወለደማ።

የሰንበት ልጅ፦ ርዕስ አታስቀይር።

ጭሱ፦ ሰዓሊው ማይክል አንጄሎ ቫቲካን ያለው የሲስቲን ቤተ ጸሎት ጣሪያ ላይ ሲስለው እምብርት አድርጎለታል።

የሰንበት ልጅ፦ ከመቼ ወዲህ ነው ሰዓሊ ማስረጃ የሆነው? እዚያ ነበር?

የመንትዮች እናት፦ እናንተ ስለ አዳም ተከራከሩ፣ ስለ እኔ ሆድ የሚወስነው ግን ማን እንደሆነ አሁንም አልገባኝም።

ሐኪም ሊሆን ነው፦ አትቆጪ እንጂ አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ሰው አንዱን ሲያሰራ ሌላው አይጥመውም፣ እሱን ሲያሰራ ሦስተኛው። ችግሩ ሰውነቱ ላይ ሳይሆን ሰውነቱን የሚያይበት ዓይን ላይ ነው፣ በሽታነቱም የታወቀ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ጥሩ ሐኪም ቢላ ሳያነሳ ወደ ሥነ አእምሮ ሐኪም ይልከዋል።

የመንትዮች እናት፦ አሁን ደግሞ እብድ ሆንኩ? አመሰግናለሁ "ሐኪም"። መጀመሪያ ተመረቅ።

ነገረኛው፦ 😂😂 ሞዴሏን ካሮሊና ኩርኮቫን እዩዋት። እምብርቷ የለም ማለት ይቀላል፣ የውስጥ ልብስ አምራቹ ቪክቶሪያስ ሲክሬት መድረክ ላይ ስትራመድ ማንም አልከለከላትም። ችግሩ ጭንቅላት ውስጥ ነው ማለት ይሄ ነው።

ጭሱ፦ ሞዴሏን እንደ ተራ ሰው ማስረጃ ታቀርባለህ? እሷ ላይ የጎደለው ሁሉ ያምራል።

ሲስተር፦ ከመበተናችሁ በፊት አንድ ነገር ስሙኝ። በአዋቂነት ድንገት የተለወጠ እምብርት ወደ ውበት ክሊኒክ አይወሰድም። ያበጠው ጠንክሮ ካመመና ተጭነውት አልገባ ካለ አንጀት ተቀርቅሮ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ለነገ አይባልም። እብጠት እምብርቱ ውስጥ ከተዳበሰም መታየት አለበት። ሲስተር ሜሪ ጆሴፍ የምትባል የአሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም የዊሊያም ማዮ ረዳት ለኦፕራሲዮን ቆዳ ስታጸዳ የሆድ ካንሰር ያለባቸው ሰዎች እምብርት ላይ ጠጣር እብጠት እያገኘች ነበር። ማዮ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1928 ጻፈው፣ እብጠቱም በኋላ በስሟ ተጠራ።

ነገረኛው፦ እሱማ ሕክምና ነው፣ ማን ተቃወመ? እኔ የምቃወመው ቅብጠቱን ነው።

የመንትዮች እናት፦ ቅብጠት? ፕሮፋይልህ ላይ ያለው ጸጉር ግን አንድ ሽበት የለውም። በዚህ ዕድሜህ!

ነገረኛው፦ ቀለምና ቢላ አንድ ነው እንዴ? ቀለም ይታጠባል።

ጭሱ፦ አመነ! አመነ! 😂

ነገረኛው፦ ምንም አላመንኩም፣ በምሳሌ ነው ያልኩት።

የመንትዮች እናት፦ ትቀባለህ ወይስ አትቀባም? አዎ ወይም አይ በል።