ቀይ ቀበሮን ከባሌ ወደ ሰሜን ተራሮች ማዛወር ያዋጣል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ ያሉት ባሌ ነው፤ የሰሜን ተራሮቹ ግን በጣም ጥቂት ናቸው። ከባሌ ወስዶ መቀላቀል ምን ችግር አለው?

መልስ 1፦ ችግሩ ዘረመሉ ነው። ከስምጥ ሸለቆ ወዲያና ወዲህ ያሉት ለረጅም ዘመን ስላልተገናኙ በዲኤንኤ ይለያያሉ። መጀመሪያ የሚቀራረቡትን ማገናኘት ይሻላል ባይ ነኝ።

መልስ 2፦ የአሜሪካዋን ፍሎሪዳ እዩ እንጂ! ፑማዎቹ (ትልልቅ የዱር ድመቶች ናቸው) እርስ በርስ በዘመድ እየተዳቀሉ ጅራታቸው የተቆለመመ፣ ልባቸው የታመመ ግልገሎች ይወልዱ ነበር። በ1995 እ.ኤ.አ. ከቴክሳስ 8 ሴት ፑማዎች አምጥተው ለቀቁ፤ ቁጥራቸው አንሰራራ።

መልስ 3፦ ውሻውስ? ባሌ፣ ዌብ ሸለቆ ውስጥ ከውሻ የተዳቀሉ እንዳሉ በዘረመል ምርመራ ታውቋል፤ አፋቸው አጠር፣ ሰውነታቸው ደንደን ያለ ነው። ሳይመረመር የሚዛወር ካለ መዘዙን ይዞ ይሄዳል። የእረኞቹን ውሾች መከተብ ይቅደም፣ የእብድ ውሻ በሽታው ነው እየፈጃቸው ያለው።