የቤት ሰርቨሬን ባክአፕ የት ላስቀምጥ?

ጓዳ ሰርቨር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት) ጭኜ ኔክስትክላውድ፣ ማለት ፋይል በራስ ሰርቨር ማስቀመጫ ፕሮግራም፣ እጠቀማለሁ። የቤተሰብ ፎቶና የሱቃችን ደረሰኞች አሉበት፤ በጠቅላላ 300 ጂቢ ገደማ። ባክአፑ (መጠባበቂያ ቅጂው) እዚያው የተሰካ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነበር። ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመጣ ኤክስተርናሉ አልነሳ አለ። ዋናው ተርፏል፣ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። አሁን ክላውድ ላይ ላስቀምጥ ነው። አፕሎዴ 5 ሜጋቢት ነው። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ በካርዱ ይከፍልልኛል። የቱን ልምረጥ? እንዴትስ ልጀምር?

የፒያሳው ልጅ፦
እንኳን ዋናው ተረፈ! እኔ ባክብሌዝ ቢ2 የሚባለውን የክላውድ ማከማቻ እልሃለሁ። ቴራባይቱ በወር 6 ዶላር አካባቢ ነው። ሂሳቡ በያዝከው መጠን ስለሆነ ያንተ 2 ዶላር ገደማ ቢመጣ ነው። ሌላው ማከማቻ ዋሳቢም ደህና ነው፤ ግን ትንሹ ሂሳቡ የ1 ቴራባይት ነው፣ ያጠፋኸው ፋይልም 90 ቀን እስኪሞላው ያስከፍልሃል። የአማዞን ግላሲየር ዲፕ አርካይቭ ቴራባይቱ 1 ዶላር ነው ሲሉህ ደግሞ አትቸኩል። ፋይሉን ለማውጣት ሰዓታት ትጠብቃለህ፤ ለማውጣቱም ለብቻው ትከፍላለህ።

ሊኑክስ በሽሮ፦
በቢ2 እስማማለሁ። ባክአፑን የሚልከው ፕሮግራም ሬስቲክ ይሁን። ፋይሉ ከቤትህ ሳይወጣ ይመሰጥረዋል፣ የተደጋገመውንም አንዴ ብቻ ይልካል። ቢ2 ላይ ፕራይቬት ባኬት (ፋይሎቹ የሚገቡበት ማስቀመጫ) ክፈት፤ ለዚያ ባኬት ብቻ የሚሠራ ቁልፍ አውጣ። የአካውንቱን ዋና ቁልፍ ሰርቨሩ ላይ እንዳታስቀምጥ። ሬስቲክን ከቢ2 ጋር በኤስ3 (ከአማዞን የመጣ፣ ቢ2ም የሚቀበለው የመገናኛ ስልት) አድራሻው አገናኘው፤ የሬስቲክ መመሪያ ራሱ የሚመክረው እሱን ነው።

በ5 ሜጋቢት 300 ጂቢ ለመጫን አምስት ቀን ተኩል ይፈጃል፣ ያውም ሳይቋረጥ። ስለዚህ ሁሉንም በአንዴ አትጀምር። መጀመሪያ ደረሰኞቹን፣ ከዚያ ፎቶውን በየዓመቱ ከፋፍለህ። መብራት ቢሄድ ትዕዛዙን ድገመው፤ አስቀድሞ የገባውን እንደ አዲስ አይጭነውም። «ተቆልፏል» ካለህ፣ ሌላ ሬስቲክ እየሠራ አለመሆኑን አይተህ በአንሎክ ትዕዛዝ ክፈተው። ፍጥነቱንም ገድበው። አለዚያ ቪዲዮ የተቆራረጠበት ሰው ሰርቨርህን ከሶኬት ይነቅልልሃል።

ደግሞ ፎልደሩን ብቻ መላክ አይበቃም። ኔክስትክላውድን ሜንቴናንስ ሞድ ላይ አድርገህ (ለጊዜው ማንም እንዳይጠቀምበት) ዳታቤዙን፣ ማለት የፋይሎቹን ዝርዝርና የተጠቃሚዎቹን መረጃ የሚይዝበትን፣ በፋይል አውጣው፣ እሱም አብሮ ይሂድ።

ቡና ጠጪዋ፦
ወንድሜ፣ የሬስቲክ ፓስወርድ ከጠፋ ማንም አይመልስልህም። ሰርቨሩ ላይ ብቻ ካለ አብሮት ይሞታል። ወረቀት ላይ ጽፈህ ሌላ ቤት አስቀምጠው። የእኔ እናቴ ቤት ከቤቱ ካርታ ጋር ነው ያለው።

አካውንቱንም በራስህ ኢሜይልና ስልክ ክፈተው፤ የወንድምህ ካርዱ ብቻ ይሁን። እኔ በአጎቴ ስም ከፍቼ፣ የማረጋገጫ ኮድ በፈለግኩ ቁጥር እሱን ከእንቅልፉ እቀሰቅስ ነበር። ካርዱ ጊዜው ሲያልፍም ማስጠንቀቂያው ለአጎቴ ሄደ፤ እሱ ደግሞ ማስታወቂያ መስሎት አጠፋው።

ጓዳ ሰርቨር፦
ተባረኩ። ደረሰኞቹ ገብተዋል። ግን ሌሊት 8 ሰዓት እንዲጀምር ክሮን (ሥራን በሰዓቱ የሚያስጀምረው ፕሮግራም) ላይ 8 ብዬ ሞላሁ፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ኢንተርኔቱ ቀጥ ይላል።

ሊኑክስ በሽሮ፦
ሃሃ፣ ክሮን የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ሌሊት 8 ለእሱ 2 ነው። የሰርቨሩን ታይምዞንም እይ። ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ላይ ከሆነ ሌላ 3 ሰዓት ይዛባብሃል።

ቡና ጠጪዋ፦
ሲያልቅ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሪስቶር አድርገህ (ከባክአፑ መልሰህ አውርደህ) ሞክረው። ሳትሞክረው ባክአፕ አለኝ አትበል።

ጓዳ ሰርቨር፦
ከአሥር ቀን በኋላ ተመለስኩ። ሁሉም ገባ። ቡና ጠጪዋ እንዳለችው ላፕቶፕ ላይ ሪስቶር ሞከርኩ። ፎቶዎቹ መጡ፣ የዳታቤዙ ፋይል ግን 0 ባይት ነው! ስክሪፕቱ ላይ የዳታቤዙን ፓስወርድ ተሳስቼ ጽፌ ኖሯል። በየሌሊቱ ባዶ ፋይል እየላክሁ ከርሜያለሁ።

ሊኑክስ በሽሮ፦
ስክሪፕቱ ዳታቤዙን ማውጣት ካቃተው እዚያው እንዲቆምና ኢሜይል እንዲልክልህ አድርግ። ካስተካከልክ በኋላ 7 የቀን፣ 4 የሳምንት፣ 6 የወር ቅጂ እንዲያስቀር የሬስቲክን ፎርጌት (የቆዩ ቅጂዎችን የሚሰርዝ ትዕዛዝ) ከፕሩን (የማያስፈልገውን ዳታ ከማከማቻው የሚያጸዳ) ጋር ጨምርበት። ግን መጀመሪያ ፓስወርዱን።