ኦክስጅን ለመጠራቀም ለምን ያን ያህል ዘገየ?

መምህሩ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በምዕራብ አውስትራሊያ የሚገኙት ጥንታዊ ስትሮማቶላይቶች (ረቂቃን ተሕዋስያን በንብርብር የገነቧቸው ድንጋዮች) ወደ 3.5 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ አላቸው። አየሩ ውስጥ ኦክስጅን መቆየት የጀመረው ግን የዛሬ 2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። አንዷ ተማሪዬ «ሳያኖባክቴሪያ (በብርሃን ኃይል ኦክስጅን የሚያመርተው ባክቴሪያ) ቀድሞ ከነበረ፣ ያመረተው ኦክስጅን የት ገባ?» ብላ ያዘችኝ። ምን ልበላት?

ቀይ ድንጋይ፦
ጎበዝ ተማሪ ናት። ብዙውን ምድር በላችው በላት።

ጠረጴዛዬ ላይ ተቆርጦ የተወለወለ የዚያ ዘመን የብረት ድንጋይ አለ። አንድ መስመር ቀይ፣ አንድ መስመር ግራጫ፣ አንዳንዱ ከጥፍር ውፍረት አይበልጥም። ማግኔት ሳስጠጋው ግራጫው ላይ ልጥፍ ይላል፤ ማግኔታይት የሚባለው የብረት ማዕድን ነው። ቀዩ ላይ ግን ይንሸራተታል። ያኔ ባሕሩ ኦክስጅን ስላልነበረው ከወለሉ ፍል ውሃ የሚወጣው ብረት ሟሙቶ ይዞር ነበር። ኦክስጅን ሲያገኘው ዝጎ ይዘቅጣል። (ሁሉም በኦክስጅን ዛገ ማለቴ አይደለም፤ በብርሃን ኃይል ያለ ኦክስጅን ብረት የሚያዝጉ ባክቴሪያዎች ዛሬም አሉ።)

አልፎ ሂያጅ፦
ብረቱ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ እንጂ! ከእሳተ ገሞራ የሚወጣው ሃይድሮጅንም ኦክስጅን ይበላል። ደግሞ ሳያኖባክቴሪያው ሞቶ ሲበሰብስ የሰጠውን ያህል መልሶ ይወስዳል። ትርፍ የሚገኘው ካርቦኑ ሳይበሰብስ ደለል ውስጥ ሲቀበር ነው።

መምህሩ፦
እሺ፣ አየሩ ኦክስጅን እንዳልነበረው በምን ይታወቃል? የ2.4 ቢሊዮን ዓመት አየር ያስቀመጠልን የለም።

ቀይ ድንጋይ፦
በጠጠር። ደቡብ አፍሪካ ዊትዋተርስራንድ ውስጥ ከወርቁ ጋር ክብ ክብ የፓይራይት (የብረትና የሰልፈር ማዕድን) ጠጠሮች አሉ፤ ጠርዛቸው የሟሸሸው የጥንት ወንዝ ሲያንከባልላቸው ነው። በዛሬ ወንዝ ውስጥ ፓይራይት ያን ያህል መንገድ ሳይዝግ አይዘልቅም። በ2000 ደግሞ የሰልፈር አይሶቶፕ (በክብደት የሚለያዩ የሰልፈር አተሞች) ማስረጃ ታተመ፤ ኦክስጅን በሌለበት አየር ብቻ የሚቀር አሻራ ነው፣ ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት ወዲህ ባሉት ድንጋዮች ላይ ይጠፋል።

እኔን በጣም የሚማርከኝ ግን ኒኬል ነው። በ2009 የወጣው መላምት እንዲህ ይላል፦ ሚቴን አምራቾቹ ረቂቃን ለኢንዛይማቸው ኒኬል የግድ ያስፈልጋቸዋል። ምድር ውስጧ ትኩስ ሳለ ኮማቲያይት የሚባል፣ 1,600 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስ ኒኬል የበዛበት ላቫ ትተፋ ነበር። ውስጧ ሲቀዘቅዝ እሱ ቀረ፣ የባሕሩ ኒኬል አነሰ፣ ሚቴኑም መነመነ። ሚቴን የኦክስጅን ጠላት ስለሆነ መንገዱ ተከፈተ ማለት ነው። ሁሉም አልተቀበለውም፤ እኔ ግን ወደዚህ አደላለሁ።

አልፎ ሂያጅ፦
ለልጅቷ አንድ ነገር ጨምርላት፦ አውስትራሊያ ውስጥ በማክሬ ተራራ ሼል (ከጭቃ የተሠራ ድንጋይ) ላይ የተገኘው ሞሊብዲነም፣ ኦክስጅን ከየብስ ድንጋይ አላቆ ወደ ባሕር የሚያስገባው ንጥረ ነገር፣ የዛሬ 2.5 ቢሊዮን ዓመት ትንሽ ኦክስጅን ብቅ ብሎ እንደነበር ይጠቁማል። ስለዚህ አንድ ቀን በድንገት የመጣ አድርገህ አታስተምራት።